ስንጥቅ ሰይፍ

የዚያን እሑድ የሁለቱንም ሰይፍ እጀታ በአዲስ ቆዳ የጠመጠመችው አፖሎንያ ነበረች፤ የወንድሟንም፣ የእጮኛዋንም። ሥራዋ ጓንት መስፋት ነው። ወረርሽኙ እናትና አባቷን በአንድ በጋ ጠራርጎ ሲወስድባት ገና ልጃገረድ ነበረች፤ መርፌዋን ይዛ ታናሽ ወንድሟን ማቴስን አሳደገች፣ ከነፀጉሩ ቆዳ ካባ ለሚሰፋ ባለሙያም አስቀጠረችው። ማቴስ ጎረመሰና እንደ ከተማቸው የቫይደንብሩክ ጎረምሳ ሁሉ እሑድ እሑድ የሰይፍ ትምህርት ቤት መሄድ ጀመረ። የመምህሩን የቫይትን ልጅ ዮብስትን ጓደኛ አድርጎ ወደ ቤት ይዞት የመጣው ያኔ ነው። ዮብስት በመጀመሪያው ቀን ገና ደጃፉን ሳይሻገር፣ «የዚህ ቤት ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚኮሳተረው?» አለ። አፖሎንያ ልትቆጣ አስባ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር አጭር ነው፤ ለገና ሊጋቡ ቀን ቆርጠው ነበር።

የትምህርት ቤቱ ሰይፎች ለጦር ሜዳ የተሠሩ አይደሉም። ስለት የላቸውም፤ ጫፋቸው እንደ አውራ ጣት ድቡልቡል ነው፤ ብረታቸው ከእጀታው አጠገብ ሰፋ ብሎ ይጀምርና ወደ ላይ እየሳሳ ይሄዳል፤ ሰው ላይ ሲያርፍ እንደ ሸምበቆ ይለመጣል እንጂ አይወጋም። ተማሪዎቹ በቁልምጫ «ላባ» ይሉታል። በላባ ሰው አይሞትም። ግንባር ይፈነከታል፣ ጣት ያብጣል፣ አንዳንዴ ጥርስ ይወልቃል። ከራሱ ላይ ደም የፈሰሰበት ተሸነፈ ይባላል፤ ያፈሰሰው ደግሞ የአበባ ጉንጉን ደፍቶ በከበሮና በዋሽንት ከተማውን ይዞራል። መውጋት ክልክል ነው። ብረት ከተሰበረ ወይም ከተሰነጠቀም ወዲያው መቆም ግድ ነው። ያን የሚያስጠብቀው ረጅም በትር ይዞ በሁለቱ መካከል የሚቆመው ሰው ነው፤ እሱ በትሩን ጣልቃ ካስገባ ንጉሥም ቢሆን ሰይፉን ይመልሳል።

የዚያን እሑድ በትሩን የያዙት መምህር ቫይት ራሳቸው ነበሩ።

የመጠጥ ቤቱ ግቢ እስከ አፍ ገደፉ ሞልቷል። አፖሎንያ ከሴቶቹ ጋር ፎቁ ላይ፣ የእንጨቱን አጥር ተደግፋ ቆማለች። ታች ብዙዎች ተፋልመው ተሸንፈዋል፤ የቀሩት ዮብስትና ማቴስ ናቸው።

«አማቼ!» ሲል ጮኸ ዮብስት ሰይፉን እያወዛወዘ። «ለሰርጌ ፀጉርህን እኔ ላበጥርልህ!»

«መጀመሪያ የራስህን ጠብቅ!» አለው ማቴስ። «እህቴ ፍንክት ባል አልፈልግም ብላለች!»

ሕዝቡ ሳቀ። አንዲት አጠገቧ የቆመች ሽንኩርት ሻጭ በክርኗ ጎሸም አደረገቻትና፣ «የማንኛቸው ራስ ቢደማ ነው ደስ የሚልሽ?» አለቻት። አፖሎንያ ዐይኗን ከሁለቱ መንቀል አልቻለችም።

ሁለቱ ገጠሙ። የብረቱ ድምፅ ግቢውን ሞላው፤ ጥርት ያለ፣ እንደ ደወል የሚያስተጋባ። ዮብስት ጎበዝ ነው፤ ማቴስን እየነዳ ወደ ግድግዳው አስጠጋው። አንዴ ከበላይ ሲሰነዝር ማቴስ በሰይፉ ተቀበለው፤ ያኔ የማቴስ ብረት የሰጠው ድምፅ ልዩ ነበር። አላስተጋባም። ስንጥቅ ገንቦ በጣት ሲያንኳኩት እንደሚለው፣ የታፈነ ድፍን ድምፅ። አፖሎንያ ሰማችው። መምህር ቫይትም ራሳቸውን ዘንበል ሲያደርጉ አየች። በትራቸው ትንሽ ከፍ አለ። ከዚያ ተመልሶ ወረደ።

ወዲያው ሁለቱ እንደገና ተያያዙ። ማቴስ ከግድግዳው ለመውጣት ባለ በሌለ ኃይሉ በአግድም ሰነዘረ። ብረቶቹ ሲጋጩ የሰይፉ ግማሽ ተሰብሮ እየተሽከረከረ ወደ ሰማይ በረረ፤ ሴቶቹ እየጮኹ ጎነበሱ። እጁ ላይ የቀረው ስባሪ ግን መንገዱን ቀጥሎ ነበር። ዮብስት ራሱን ዝቅ አድርጎ ሲገባ አንገቱ ላይ፣ ከጆሮው በታች ተቀበለው።

አፖሎንያ በደረጃው እንዴት እንደወረደች አታውቅም። ስትደርስ ማቴስ ተንበርክኮ በሁለት እጁ ቁስሉን ይዞ፣ «ዮብስት! አንተ! ተው እንጂ! ተው!» ይላል፤ ቀልድ እንዲያቆም የሚለምነው ይመስላል። ደሙ በጣቶቹ መካከል እየፈሰሰ ነው። መምህር ቫይት በትራቸውን እንደያዙ ቆመው ቀርተዋል። ዮብስት እሷን ያያት አይመስልም። ካህኑም ሳይደርሱ ነፍሱ ወጣች።

ሬሳው ገና ከግቢው ሳይነሳ የከተማው ዘቦች ማቴስን አሥረው ወሰዱት።

ነገሩ የከበደው እንዲህ ነው። በሰይፍ ትምህርት ቤት ሕጉ ተጠብቆ ሰው ቢሞት ከተማው አይቀጣም፤ የአምላክ ሥራ ነው ይባላል። ነገር ግን ከተፎካካሪው የሰይፈኞች ማኅበር የመጡ ሁለት ሰዎች፣ «ሰይፉ መሰበሩን አይቶ ነው የመታው፤ በስባሪው ወጋው» ብለው ጮኹ። እንዲያ ከሆነ ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ ነፍስ ግድያ ነው፤ ፍርዱም አንገት መቀላት። የከተማው ሸንጎ ማንን ያምናል? አጠገባቸው የነበረ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ባለበትሩ። የሟቹ አባት።

አፖሎንያ የለቅሶ ልብስ ለብሳ ለእጮኛዋ አላለቀሰችም፤ ጊዜ አላገኘችም። ገዳይም ሟችም የቤቷ ሰው የሆነባት ሴት ለየትኛው ታልቅስ? ከቀብሩ መልስ በቀጥታ ወደ እስር ቤቱ ሄደች።

ማቴስ ከመሬት በታች ባለ ጠባብ ክፍል ውስጥ ጭድ ላይ ተቀምጧል። ያመጣችለትን ዳቦ ተቀብሎ አጠገቡ አስቀመጠው።

«ተቀበረ?» አላት።

«ተቀበረ።»

«ማን ተሸከመው?»

«ተወው አሁን። ስማኝ ማቴስ። ስትሰነዝር ሰይፉ መሰበሩን አይተሃል?»

ከጭዱ አንድ ዘለላ መዝዞ ሰበረው።

«ንገረኝ! እህትህ ነኝ!»

«አላውቅም» አለ በቁልምጫ ስሟ እየጠራት። «እምላለሁ፣ ሎኒ፣ አላውቅም። እጄ ሲቀልለው ተሰማኝ። ከመምታቴ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሌሊቱን ሁሉ እሱኑ አስባለሁ። ስተኛ ቀድሞ ነው፤ ስነሳ በኋላ ነው።»

«ለእነሱ እንዲህ እንዳትል! አላየሁም በል!»

«ለዮብስት ምን ልበለው?» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ይቁረጡኝ በቃ። ይገላግሉኝ።»

አፖሎንያ ትከሻውን ይዛ ነቀነቀችው። በሕይወቷ መትታው አታውቅም፤ ያን ቀን በጥፊ መታችው። ከዚያ አቅፋው ሁለቱም አለቀሱ፤ ዘበኛው በሩን እስኪደበድብ ድረስ።

ከዚያ ወጥታ መምህር ቫይት ቤት ሄደች። ባለቤታቸው እማማ ኦቲልያ በመስኮት አይተዋት ነበርና በሩን በመክፈት ፈንታ የዕቃ እጣቢ ከላይ ደፉባት።

«ሂጂ ከደጄ!» አሉ። «ልጄን በላችሁት፤ ደግሞ ምን ቀረሽ? ደሙ ሳይደርቅ ደጄን ትረግጪያለሽ?»

«እማማ፣ እኔም እኮ ዮብስትን…»

«ስሙን እንዳትጠሪ! በዚያ አፍሽ ስሙን እንዳትጠሪው!»

በማግሥቱም ሄደች፤ በሩ አልተከፈተላትም። በሦስተኛው ቀን መምህሩን ትምህርት ቤቱ ውስጥ አገኘቻቸው። ባዶ አዳራሽ ውስጥ፣ ሰይፎቹ በተሰቀሉበት ግድግዳ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሰውየው በጥቂት ቀን አርጅተዋል፤ ጉንጫቸው ጎድጉዷል፣ ጢማቸው ተንጨባሯል።

«አባባ» አለች። ምራታቸው ከመሆን የቀራት ይህ አጠራር ብቻ ነው። «ሰይፉ ከመሰበሩ በፊት ተሰንጥቆ ነበር። ድምፁን ሰምቻለሁ። እርስዎም ሰምተዋል።»

ቀና ብለው አላዩዋትም።

«በትሩን ከፍ አድርገው ነበር። አይቻለሁ።»

«ምንም አልሰማሁም።»

«አባባ!»

«ምንም አልሰማሁም አልኩሽ!» ድምፃቸው አዳራሹን አናወጠው። «አንቺ ጓንት ሰፊ፣ ፎቅ ላይ ሆነሽ ስለ ብረት ልታስተምሪኝ ነው?»

«ላስተምርዎት አልመጣሁም። ልለምንዎት ነው የመጣሁት። ቀድሞ ተሰንጥቆ ነበር ካሉ፣ ምቱ ላይ እያለ በራሱ ተሰበረ ማለት ነው፤ ማቴስ አይቶ አልወጋውም። ልጁ ይተርፋል። ዮብስት ራሱ ቢኖር…»

«ዮብስት የለም!» አሉና ተነሥተው በሩን አሳዩዋት።

ሸንጎው በተቀመጠ ቀን አፖሎንያ ከሕዝቡ ጋር ከኋላ ቆማለች። ሴት፣ ያውም የተከሳሽ እህት ስለሆነች ቃሏን የሚሰማት የለም። ማቴስ በሰንሰለት ታስሮ ቀረበና እንደመከረችው ሳይሆን እንዳሰበው፣ «አላውቅም» አለ። ዳኞቹ ተያዩ። መምህር ቫይት ሁለት ጣታቸውን ወደ ላይ አንሥተው በእግዚአብሔር ስም ማሉ።

«ሰይፉ አስቀድሞ እንከን ነበረበት?» ሲሉ ጠየቁ ዳኛው።

አፖሎንያ ጥፍሯን መዳፏ ውስጥ ቀበረችው።

«አላየሁም» አሉ።

«የተለየ ድምፅ ሰምተሃል?»

«አልሰማሁም።»

ማቴስ አስተማሪውን ቀና ብሎ አያቸው፤ ቂምም ልመናም በዐይኑ አልነበረም። ፍርዱ ከሰዓት በኋላ ተነበበ። አንገቱ በሰይፍ ይቀላ፤ በነገው ቀን ረፋድ ላይ።

አፖሎንያ ከሸንጎው ወጥታ የገበያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ሰው ይራመዳታል፤ አንዱ፣ «የዚያ ገዳይ እህት ናት» ይላል፤ ሌላው፣ «እጮኛዋን አስገድላ ደግሞ ታለቅሳለች» ይላል። ለማን ትጩህ? ካህኑ «ጸልዪ» ብለዋታል። የመምህር ቫይት ማኅበር ሰዎች በራቸውን ዘግተዋል። አንድ በር ብቻ ቀረ፤ እጣቢ የተደፋባት በር።

ስትደርስ በሩ ገርበብ ብሏል። ሳታንኳኳ ገባች። እማማ ኦቲልያ ወጥ ቤት ውስጥ ቆመው ጎመን ይከትፋሉ። ቢላዋውን እንደያዙ ዞሩ።

«ፍርዱን ሰማሁ» አሉ። «ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም። ውጪልኝ አሁን።»

«እወጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልናገርና ለዘላለም እወጣለሁ።» አፖሎንያ ጉልበቷ ላይ ወደቀች። «ሰይፉ ቀድሞ ተሰንጥቆ ነበር፣ እማማ። ድምፁ ተለውጦ ነበር። አባባ ሰምተው በትራቸውን አነሡ፤ መልሰው አወረዱት። ዛሬ ጣታቸውን አንሥተው አልሰማሁም ብለው ማሉ።»

ኦቲልያ በጥፊ አጮሏት። «ባሌ የገዛ ልጁን ዐይኑ እያየ ለሞት ሰጠ ልትይኝ ነው? ወንድምሽን ለማዳን እሱን ልትቀብሪው?»

«ይጠይቋቸው። እኔን አይመኑኝ። እርስዎ ይጠይቋቸው።»

ሴትዮዋ ሊመቷት እንደገና እጃቸውን አነሡ፤ እጁ ግን አየር ላይ ቆሞ ቀረ። ፊታቸው ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«ድስቱ» አሉ ለራሳቸው።

«ምን አሉኝ?»

«ማማሰያው ድስቱን በነካው ቁጥር ከገበታ ብድግ ይላል። ትናንት ሳህን ወድቆ ቢሰበር ጆሮውን ይዞ ወጣ። ሐዘን ነው ብዬ…» ቢላዋውን አስቀመጡ። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠራረጉ፤ ደጋግመው፣ ንጹሕ ከሆነም በኋላ። «ነዪ» አሏት።

መምህር ቫይት ያው አግዳሚ ወንበር ላይ ነበሩ። ኦቲልያ አንዲት ቃል ሳይናገሩ አለፏቸው፤ ከግድግዳው ላይ አንዱን የልምምድ ሰይፍ አወረዱና አዳራሹ መካከል ያለውን የብረት ምሰሶ መቱበት። ብረቱ ጮኸ፤ ጥርት ብሎ፣ ረጅም ጊዜ እያስተጋባ።

«እንዲህ ነበር?» አሉ።

ቫይት ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«እንዲህ ነበር ወይ ድምፁ? መልስልኝ፣ አንተ ሰውዬ!» ደግመው መቱት። ደግመው። «እንዲህ ነበር?»

«አይደለም!» ሲሉ ጮኹ ባልየው። «አይደለም! ተዪው! እንዲያ አይደለም!»

ሰይፉ ከኦቲልያ እጅ ወደቀ።

«ሰማሁት» አሉ ቫይት። ድምፃቸው አልቆ ነበር። «እንደሰማሁት ላስቆማቸው በትሬን አነሣሁ። ግን ዮብስት ግድግዳው ላይ አጣብቆት ነበር። አንድ ምት ቀርቶት ነበር። አንድ ምት፣ ኦቲልያ! ሰው ሁሉ ስሙን እየጠራ ነበር። ይህቺን ብቻ ይምታ፣ ጉንጉኑን ይድፋ፣ ከዚያ አስቆማቸዋለሁ አልኩ። ይህቺን ብቻ…»

ኦቲልያ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። አላለቀሱም። አፖሎንያ ቀርባ ልትደግፋቸው ብትሞክር እጇን ገፋ አደረጉት። ውጪ የሚያልፍ ጋሪ ድምፅ ይሰማል።

«ሄደህ ተናገር» አሉ ኦቲልያ በመጨረሻ።

«ምዬአለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«በሐሰት የማለ ሰው ያነሣቸውን ጣቶች ይቆርጡታል። የቀኝ እጄን ነው። ከዚያ ወዲያ ሰይፍ አልይዝም። ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፤ ምን እንበላለን?»

«ዛሬስ የበላነው ምንድን ነው?» አሉ ኦቲልያ። «ልጄን ለጉንጉን ሸጥከው። የሰውን ልጅ ደግሞ ለጣትህ ልትሸጥ ነው? ተነሥ። ካልተነሣህ እኔ ገበያ መካከል ቆሜ እጮኸዋለሁ።»

ቫይት አፖሎንያን አዩዋት፤ ከዚያች እሑድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ።

ሦስቱ በገበያው መካከል ሄዱ። ኦቲልያ ከፊት፣ ባልየው ከኋላቸው እንደሚነዳ በሬ አንገታቸውን ደፍተው፣ አፖሎንያ ከሁሉ ኋላ። የሸንጎው በረኛ በሩን እየዘጋ ነበር፤ «ነገ ኑ» አላቸው። «ነገ ረፋድ ላይ አንገት ይቆረጣል፣ ከዚያ በኋላ ዳኞቹ ይገባሉ።» ኦቲልያ በእግራቸው በሩን ያዙ። «እኔ የሟቹ እናት ነኝ» አሉት። «በሩን እግሬ ላይ መዝጋት ከፈለግህ ዝጋ።» በረኛው እያጉረመረመ ዳኛውን ሊጠራ ገባ።

ቫይት ሁሉንም ተናገሩ። አንዳች አልደበቁም፤ ለማስተባበልም አልሞከሩም። ዳኛው ደጋግመው፣ «ጣትህን እንደምታጣ ታውቃለህ?» አሏቸው፤ ደጋግመው፣ «አውቃለሁ» አሉ።

በማግሥቱ የማቴስ አንገት ሳይቆረጥ ቀረ። ሸንጎው ግን ንጹሕ ነው ብሎም አልለቀቀውም፤ ሰው በእጁ ሞቷል፣ ሕዝቡም ለሁለት ተከፍሏል። ከተማዋን ለቅቆ እንዲወጣ፣ ተመልሶም እንዳይገባ አስማሉት። የመምህር ቫይት ሁለት ጣቶች ደግሞ በዚያው ሳምንት በገበያው አደባባይ ተቆረጡ። ኦቲልያ አጠገባቸው ቆመው ነበር። ቁስሉን በየጧቱ የሚያጥቡትና የሚጠቀልሉት እሳቸው ናቸው፤ ቃል ግን አይለዋወጡም ይባላል። ሰይፎቹን የማኅበሩ ሰዎች በጋሪ ጭነው ወሰዷቸው።

አፖሎንያ ወንድሟን እስከ ከተማዋ በር ሸኘችው። ካባ ደረበችለት፣ ዳቦና ቋሊማ በከረጢት ያዘችለት። ቀዝቃዛ አመሻሽ ነበር፤ ከወንዙ ጉም እየተነሣ ነው። በመንገዱ ሁሉ አልተነጋገሩም።

ከበሩ ውጪ ድልድዩ አጠገብ ቆመ።

«አብረን እንሂድ» አላት። «ጓንት የትም አገር ይሰፋል።»

ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች።

«ትጠዪኛለሽ?»

አፖሎንያ ይህን ፊት ከሕፃንነቱ ጀምራ ያጠበችው ነው። ለዚህ ነፍስ ስትል እጣቢ ተደፍቶባታል፣ ጉልበቷ ላይ ወድቃለች፣ አንድ አረጋዊ አካለ ጎደሎ እንዲሆኑ ምክንያት ሆናለች። አሁን ደኅና ቆሞ ሲያናግራት ግን ዐይኗ የሚሄደው እጁ ላይ ነው። ልትይዘው ፈለገች፤ እጇ አልታዘዝ አላት።

«አላውቅም» አለችው።

«እኔም» አለ ማቴስ። ከረጢቱን ትከሻው ላይ አደረገና ድልድዩን ተሻገረ። መሃል ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ትጠራኝ ይሆን ብሎ መሆኑን አውቃለች። አልጠራችውም። ጉሙ ከወገቡ በታች ዋጠው፣ ቀጥሎ ትከሻውን፣ ቀጥሎ ሁሉንም።

«ሴትዮ!» አለ የበሩ ዘበኛ ከኋላዋ። «ልዘጋ ነው። ወይ ውጪ፣ ወይ ግቢ።»

ዘበኛው ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ሁለተኛ ጠራት። ከዚያ ጨርቋን ራሷ ላይ ስባ ገባች፤ ወደ ቤቷ ሳይሆን የዮብስት መቃብር ወዳለበት ቤተ ክርስቲያን ሄዳ፣ በሩን ዘግቶ የሚመለሰው ዲያቆን እስኪያስወጣት ድረስ፣ ከዚያች እሑድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእሱ ብቻ አለቀሰች።